ሊቨርፑል በጥቅምት፦ የአይሪሾቹ ፌስቲቫል ከእናቴና ከልጆች ጋር ያስኬዳል?

ሶስና_ሊድስ
ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ናት። ልጆቹም በጥቅምት መጨረሻ ትምህርት ቤት ይዘጋላቸዋል። ቤት ቁጭ ብለው ስልክ ላይ ከሚያፈጡ የሆነ ቦታ ልውሰዳቸው ብዬ ሳስብ፣ አንዲት አይሪሽ የሥራ ባልደረባዬ «ሊቨርፑል ውሰጃቸው፤ የአይሪሽ ፌስቲቫል አለ» አለችኝ።

እኔ አይሪሽ ሲባል ትዝ የሚለኝ አረንጓዴ ኮፍያና ጥቁር ቢራ ነው። እናቴ ደግሞ መጠጥ ቤት ደጃፍ አትደርስም። የጽጌንም ጾም ይዛለች። እዛ ያላችሁ ሰዎች፣ ለቤተሰብ ይሆናል? ምን ይታያል? ያልገባኝ ነገርም አለ። አየርላንድ እዛው ባሕር ማዶ እያለች እንግሊዝ አገር ይሄን ያህል የሚደግሱት ለምንድን ነው?

ቀይ_ማልያ
ሊቨርፑል ድረስ ሄደሽ አንፊልድን ሳታሳያቸው ልትመለሺ ነው? ልጆቹ ይቅር አይሉሽም።

የመርሲ_ዳር
ሶስናዬ እንኳን ጠየቅሽ። ኮፍያውና ቢራው የመጋቢት ነው። ማርች 17 የቅዱስ ፓትሪክ ቀን ይከበራል። ያን ቀን ማቲው ስትሪትን ከልጅ ጋር አልመክርሽም። ሰው ከረፋድ ጀምሮ ነው የሚጠጣው።

የጥቅምቱ ሌላ ነው። ሊቨርፑል አይሪሽ ፌስቲቫል ይባላል። ከ2003 ጀምሮ ነው ያለው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። አሥር ቀን ያህል ይቆያል። ሙዚቃ አለ፣ ቲያትር አለ፣ ፊልም፣ ግጥም፣ የታሪክ ንግግር አለ። በእግር እያዞሩ ሰፈር የሚያስጎበኙበትም አለ። ደግሞ አንድ ሜዳ ላይ ድንኳን ተተክሎ አይደለም። ከተማው ላይ ተበትኗል። አንዱ ዝግጅት ፊልሃርሞኒክ የሚባለው የሙዚቃ አዳራሽ ይሆናል፣ ሌላው ሙዚየም፣ ሌላው ፐብ።

ለእናንተ የሚሆነው የቤተሰብ ቀኑ ነው። ብዙ ጊዜ ወንዙ ዳር ያለው የሊቨርፑል ሙዚየም ውስጥ ያደርጉታል። መግቢያ አይከፈልም። ልጆች ከበሮ ይመታሉ፣ ዳንስ ይማራሉ፣ ተረት ይሰማሉ። መጠጥ የለም። እናትሽ ደክሟቸው ቢቀመጡ በመስኮቱ ወንዙን ያያሉ። ፕሮግራሙ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ድረ ገጻቸውን አይተሽ ቀኑን ያዢ። ነፃ የሆነውም ቢሆን ቶሎ ይሞላል፤ አስቀድመሽ ተመዝገቢ።

ቶክስቴዝ_ጋሼ
ልጄ ሶስና፣ የመጨረሻዋን ጥያቄሽን ለእኔ ተዪልኝ። እኔ እዚህ ከተማ ውስጥ ነው ያረጀሁት።

ከላይም ስትሪት ባቡር ጣቢያ ወጥተሽ ቦልድ ስትሪትን ሽቅብ ስትጨርሺ ጣሪያ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ይገጥምሻል። ቅዱስ ሉቃስ ነው። በ1941 የጀርመን ቦምብ አቃጠለው። ግድግዳው ቆሞ ቀረ፣ እነሱም እንደዚያው ተዉት። ግቢው ውስጥ አንድ መታሰቢያ አለ። ግዙፍ ስላልሆነ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። በአይሪሽ ቋንቋና በእንግሊዝኛ «ታላቁን ረሃብ አስቡ» ይላል። በ1998 የመረቁት የያኔዋ የአየርላንድ ፕሬዚዳንት ሜሪ ማካሊስ ናቸው። ፌስቲቫሉ ሲመጣ እዚያ አበባ ይቀመጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1845 የድንች በሽታ አየርላንድ ገባ። ድሃው ከድንች ሌላ የሚበላው አልነበረም። እህሉና ከብቱ ለመሬት ኪራይ ይሄዳል። አረንጓዴ የነበረው ማሳ በቀናት ውስጥ ይጠቁርና ይገማል። ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው አለቀ። ከዚያ የሚበልጥ ተሰደደ። መጀመሪያ የሚወርዱት እዚህ ነበር። በ1847 ብቻ 300,000 ያህል ሰው ሊቨርፑል ወረደ። የከተማዋ የራሷ ሕዝብ እንኳ ከዚያ እምብዛም አይበልጥም ነበር።

ለአሜሪካ መርከብ ገንዘብ ያለው መንገዱን ቀጠለ። የሌለው የሰው ቤት ምድር ቤት ውስጥ ተቆለለ። ተስቦ ገባ። በዚያው ዓመት ሕመምተኛ ሲያጽናኑ አሥር የካቶሊክ ካህናት ሞቱ። ፓርክ ፕሌስ ያለው የቅዱስ ፓትሪክ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ መታሰቢያ መስቀላቸው ቆሟል። ወደ 15,000 የሚሆነውን ደግሞ «ድሃ አንቀልብም» ብለው በመርከብ ወደ አየርላንድ መለሱት።

በ1851 ቆጠራ ከአምስት የሊቨርፑል ነዋሪ ከአንድ የሚበልጠው ትውልዱ አየርላንድ ነበር። ስለዚህ ልጄ፣ ባሕር ማዶ አይደለም። አገራቸው እዚሁ ነው።

እኛም ክፉ ቀን የምንለው አለን። በምኒልክ ጊዜ በሬው አለቀ፣ ከዚያ ሰው አለቀ። እነዚህ ደግሞ ድንቹን አጡ። እኛ ግን ለክፉ ቀን የት ነው ያቆምንለት ድንጋይ? ይሄን ሳስብ እናደዳለሁ።

ሚኪ_ደብሊን
ጋሼ ታሪኩን አልክድም። ግን ልቃወም። እኔ ደብሊን ነው የምኖረው። እዚህ ያሉ ጓደኞቼ የሊቨርፑሎቹን ነገር ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ። ቅድመ ቅድመ አያቱ በ1847 የመጣ ሰውዬ በምን ሒሳብ አይሪሽ ይሆናል? አነጋገሩ ስካውዝ (የሊቨርፑል ዘዬ)፣ ክለቡ የእንግሊዝ፣ ግብሩ የእንግሊዝ። ከብሬግዚት በኋላ፣ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ሁሉም አያት ፍለጋ ወጣ። አንድ አያት አየርላንድ ተወልዶ ከተገኘ ፓስፖርቱ ይሰጣል። ፌስቲቫሉም ከዚያ የመጣ ናፍቆት ነው የሚመስለኝ። እዚህ ደብሊን ሰው ቤት ኪራይ ነው የሚያሳስበው፣ ጂግ የሚሉት ጭፈራ አይደለም።

የመርሲ_ዳር
ሚኪ፣ በአንድ ነገር እስማማለሁ። ናፍቆት አለበት። የሌለበት ማን አለ?

ግን «ከውጭ የተለጠፈ ነው» የምትለው አይሄድም። የሊቨርፑል ኬይሊ ባንድ የሚባል ነበር። ኬይሊ ማለት የጋራ ጭፈራቸው ነው። የዚህ ከተማ ልጆች፣ ግማሾቹ እዚሁ የተወለዱ፣ ባሕሩን ተሻግረው በ1963 የመላው አየርላንድን ውድድር አሸነፉ። በ1964 ደገሙት። የራስህ የደብሊን ሰዎች ቁጭ ብለው እያዩ! ዘፈኑን በደንብ የያዘው እዚህ ያለው ነበር ማለት ነው።

ሌላም አለ። ስኮትላንድ ሮድ የሚባለው ሰፈር ከ1885 እስከ 1929 ቲ. ፒ. ኦኮነርን ነበር ፓርላማ የሚልከው። የአየርላንድ ብሔርተኞች ፓርቲ ሰው ነው። ከአየርላንድ ውጭ በዚያ ፓርቲ ስም ያሸነፈ ሌላ የለም። የሠራተኞቹ መሪ ጂም ላርኪንስ? ደብሊን ኦኮኔል ስትሪት ላይ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ የቆመው ሐውልት የእሱ ነው አይደል? በየቀኑ በሥሩ የምታልፈው። ሊቨርፑል ነው የተወለደው።

ሚኪ_ደብሊን
የላርኪንን አላወቅኩም ነበር፤ እሺ። የባንዱንም ተቀብያለሁ። የፓስፖርቱን ግን አልተውም።

ዲግቤዝ_ልጅ
በርሚንግሃም ነኝ። ከሊቨርፑል ውጭም አስቡ እንጂ። የእኛ የቅዱስ ፓትሪክ ሰልፍ በ1952 ነው የተጀመረው። ዲግቤዝ ሰፈር ያንን ቀን መኪና አያልፍም።

ግን በመሃል የጠፋበት ጊዜ አለ። በኖቬምበር 1974 መሃል ከተማ ሁለት ፐቦች ላይ ቦምብ ፈንድቶ 21 ሰው ሞተ። የተጠረጠረው አይአርኤ ነው፤ ሰሜን አየርላንድን ከእንግሊዝ ለማስለቀቅ የሚዋጋው የታጠቀ ቡድን። ከዚያ በኋላ አይሪሽ መሆን የሚያስደበድብ ነገር ሆነ። ሰዎች አውቶቡስ ላይ አፋቸውን አይከፍቱም ነበር፤ አነጋገራቸው እንዳያስታውቅባቸው። ስድስት ሰዎች ያለ ጥፋታቸው ታስረው በ1991 ነው የተፈቱት። ሰልፉ ቆመ። የተመለሰው በ1996 ነው።

አሁን ኒው ስትሪት ባቡር ጣቢያ ደጅ ላይ ሦስት የብረት ዛፎች አሉ። የ21ዱ ሟቾች ስም የተጻፈበት መታሰቢያ ነው። በ2018 ያቆመው የከተማው የአይሪሾች ማኅበር ነው። እኔ እዚያ ጋ ሰው ስቀጥር ሁሌ «ከዛፎቹ ጋ» እላለሁ፣ አንድም ሰው ምንነታቸውን ጠይቆኝ አያውቅም።

ስለዚህ ሚኪ፣ አረንጓዴ ለብሶ በአደባባይ መሄድ እዚህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሶስና_ሊድስ
ኧረ እኔ የሽርሽር ቦታ ጠይቄ ምን ውስጥ ገባሁ! ግን በጣም ነው የወደድኩት። እናቴ አጠገቤ ሆና እያነበብኩላት ነው። ጋሼ፣ የካህናቱን ስትሰማ «ነፍስ ይማር» አለች። ወረርሽኝ ያለበት ቤት የገቡትን ማየት ትፈልጋለች።

ቶክስቴዝ_ጋሼ
እናትሽን እግዜር ያክብራቸው። እንግዲያው ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለውን ቅዱስ ጊዮርጊስ አዳራሽ አሳዪያቸው። የሚሠራው ሰዓት ላይ ድረሺ እንጂ ርቀት የለውም። ግድግዳውን ተከትለው የታላላቅ ወንዶች ሐውልቶች ቆመዋል። መሃላቸው አንዲት ሴት አለች፤ በ2012 ነው የገባችው፤ ከዚያ በፊት የሴት ሐውልት አልነበረም።

ኪቲ ዊልኪንሰን ትባላለች። ሰሜን አየርላንድ፣ ደሪ ከተማ ነው የተወለደችው። በልጅነቷ ወደዚህ ሲሻገሩ መርከቡ አደጋ ደረሰበትና አባቷና እህቷ ሰጠሙ። አድጋ ልብስ አጣቢ ሆነች። በ1832 ኮሌራ ሲገባ በሰፈሩ ውኃ ማፍያ ትልቅ ጋን ያላት እሷ ብቻ ነበረች። የጎረቤቱን ሁሉ አንሶላና ልብስ በፈላ ውኃ ታጥብ ጀመር። ያኔ ስለ ጀርም የሚያውቅ ሐኪም እንኳ የለም። እሷ ግን ልብሱ እንደሚያስተላልፍ በዓይኗ አየች። በ1842 ከተማው የሕዝብ ልብስ ማጠቢያ ከፈተ፤ በኋላም እሷንና ባሏን አስተዳዳሪ አደረጋቸው።

ሐና_ማንችስተር
አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ማንም እንዳይቆጣ። ጥቁር ሆነሽ እንዲህ ያለ ቦታ ስትገቢ ዓይን አይበዛም? እኔ አንዴ ማንችስተር ውስጥ ፐብ ገብቼ ሙዚቃው የቆመ መስሎኝ ነበር።

የመርሲ_ዳር
ሐኒ፣ ዓይን ይኖራል፤ አልዋሽሽም። ግን ሊቨርፑል የጥቁር ሰው ሰፈር ከድሮ ጀምሮ ያላት ከተማ ናት። አይሪሽ እናትና አፍሪካዊ መርከበኛ አባት ያሏቸው ቤተሰቦች ቶክስቴዝ ውስጥ ስንትና ስንት ናቸው። ፌስቲቫሉም ጥቁርም አይሪሽም ስለሆኑ ሰዎች ውይይት ሲያዘጋጅ አይቻለሁ።

ፍሬድሪክ ዳግላስን ታውቂዋለሽ? ከባርነት ያመለጠው አሜሪካዊ። በ1845 ካምብሪያ በምትባል መርከብ ሊቨርፑል ወርዶ ነው ወደ ደብሊን የሄደው። ድንቹ መበስበስ የጀመረበት ወቅት ነበር። አራት ወር ያህል አየርላንድ ቆይቶ በየከተማው ተናገረ። በኋላ ሲጽፍ፣ እዚያ እንደ ቀለም ሳይሆን እንደ ሰው እንዳዩት ነው የመሰከረው።

ክራር_ከዊረል
እኔ ሙዚቃውን ልንገራችሁ፤ ለእሱ ስል ነው አንብቤ የደረስኩት።

ሴሽን የሚሉት አለ። ኮንሰርት አይደለም። መድረክ የለም። ፐብ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ፤ ፊታቸው ወደ እርስ በርሳቸው፣ ጀርባቸው ወደ ሕዝቡ። መጀመሪያ ሳይ ተናድጄ ነበር፤ ለማን ነው የሚጫወቱት ብዬ። ለራሳቸው ነው። ቫዮሊን አለ (ፊድል ይሉታል)፣ ዋሽንት አለ፣ ከቆርቆሮ የተሠራች ቀጭን ፉጨት አለች፣ አኮርዲዮን አለ። ባውራን የሚባለው ከበሮ የፍየል ቆዳ የተወጠረበት ክብ ወንፊት ነው የሚመስለው፤ በአጭር እንጨት ይመታል። በክርን ሥር ባለ ወናፍ አየር የሚሞላ ቧንቧም አለ፤ በአፍ አይነፋም። እሱን የሚጫወት ከመጣ ሁሉም ዝም ይልለታል።

አንዱ ሳይናገር ይጀምራል። ሌሎቹ በሁለተኛው ዙር ይገቡለታል። ዜማውን ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞሩትና አንዱ ዓይኑን ከፍ ያደርጋል። በቃ፣ ሳይቋረጥ ወደ ሌላ ዜማ ይሻገራሉ። እንዴት እንደሚግባቡ እስካሁን አይገባኝም። ኖታ አያዩም።

አሁን ወደ እኛ። ጂግ የሚሉት ምቱ ስድስት ስምንተኛ ነው። የእኛ ቺክቺካም ስድስት ስምንተኛ ነው። ክራሬን ይዤ ሄጄ ጥግ ላይ ተቀምጬ በዝግታ ተከተልኳቸው። አንድ ሽማግሌ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ቦታ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ነን።

ማስታወሻ ለሚሄድ ሰው፦ ክቡ ውስጥ ያለ ባዶ ወንበር የሙዚቀኛ ነው፣ እንዳትቀመጡበት። ስልካችሁን አፍንጫቸው ላይ አትደቅኑ። ዘፋኝ ያለ መሣሪያ ብቻውን ሲያንጎራጉር ደግሞ ትንፍሽ እንዳትሉ። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚዘፍነው። አንዳንዴ አጠገቡ ያለው ሰው እጁን ይይዝለታል።

ማሲንቆ_ነኝ
ክራር፣ ቺክቺካ ከጂግ ጋር አንድ ነው ስትል ግን ቀስ በል። ቁጥሩ አንድ ነው፣ አካሄዱ ግን የተለያየ ነው። የእኛ ስድስቱ ውስጥ ሁለትና ሦስት ይጣላሉ፤ ጭብጨባው እዚያ ጠቡ ላይ ነው የሚያርፈው። የእነሱ ሁለት ጊዜ ሦስት ሆኖ ቀጥ ብሎ ይሮጣል። ጂግ ላይ እስክስታ ብትሞክር ትከሻህ የሚጨብጠው ያጣል።

ክራር_ከዊረል
ትክክል ነህ። ግን ሽማግሌው ጉዳዩ አልነበረም።

ሄለን_ጂ
ዳንሱስ? እኔ የማውቀው በቴሌቪዥን ያ እጅ የማያንቀሳቅሱበትን ነው። ቀጥ ብለው እግር ብቻ!

የመርሲ_ዳር
ሃሃ! እነሱ ትከሻቸውን ቤት ትተው ይመጣሉ፤ እኛ ደግሞ እግራችንን።

ያ የውድድር ዳንስ ነው። ኬይሊ ላይ እንደዚያ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ኤቨርተን ባውንደሪ ሌን ያለው የአይሪሽ ማዕከል ሄደሽ እዪ። አንድ ሰው ማይክ ይዞ እርምጃውን ይጠራል፤ ማወቅ አይጠበቅብሽም። ለምሳሌ «የሊመሪክ ግንቦች» የሚሉት አለ። ሁለት ጥንድ ፊት ለፊት ይቆማል። እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደፊት ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ይደግማሉ። ከዚያ ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ይሽከረከራሉ፤ ዙሩ ሲያልቅ በጀርባ በኩል ያለውን ሌላ ጥንድ ይገጥማሉ። ዘፈኑ ሳያልቅ አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው ግማሹን ጨብጠሽ ታገኚዋለሽ። ስም ሳትጠያየቂ።

ሕፃን ይገባል፣ የሰማንያ ዓመት ሰው ይገባል። የተሳሳተ ይሳቅበታል፣ ይጎተታል፣ ይቀጥላል።

ማዕከሉ ድሮ ማውንት ፕሌዘንት ላይ ዌሊንግተን ሩምስ የሚባል ውብ ሕንፃ ውስጥ ነበር። በ1815 ግድም ለሀብታም ጭፈራ የተሠራ ነው። አይሪሾቹ ከ1965 እስከ 1997 ይዘውት ነበር። ከዚያ በኋላ ተዘግቶ ባዶውን ቀረ። ሰርጋቸው እዚያ የነበረ አዛውንቶች በደጁ ሲያልፉ ያማቸዋል።

አበራሽ_ቶተንሃም
ወደ ምግቡ ልምጣ፤ ሶስና የጾሙን ጠይቃ ሁላችሁም ዘላችኋት። ልጄ፣ ተጠንቀቂ። ሶዳ ብሬድ የሚሉት ዳቦ አሬራ አለበት። ድንችና ጥቅል ጎመን ፈጭተው የሚያቀርቡት ደግሞ መሃሉ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ቅቤ ይሞሉታል። ዓይን አይቶ ጾም የሚመስል ነገር ሁሉ ቅቤ አለበት። ስካውዝ የሚባለው የሊቨርፑል ወጥ የበግ ወይ የበሬ ሥጋ ነው። ሥጋ የሌለው «ብላይንድ ስካውዝ» አለ፤ ድንች፣ ካሮት፣ ሽንኩርት። እሱም ቢሆን ቅቤ እንዳልነካው ጠይቂ። እኔ ብሆን ለእማማ ሽሮዋን በቴርሞስ እይዝላት ነበር።

ቶክስቴዝ_ጋሼ
አበራሽ ስለ ድንች ካነሳሽ አይቀር፣ ድንች እኛ አገር የገባው በ1858 ነው፤ ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ ነው ያስገባው። አየርላንድ በድንች ካለቀች በኋላ ማለት ነው።

ብርሃኔ_77
እኔ ስሜ ላይ ያለው ቁጥር የ77 ድርቅ ነው። ወሎ ነኝ። አይሪሽ ሲባል እኔ የማስታውሰው ዘፋኙን ቦብ ጌልዶፍን ነው፤ ደብሊን አጠገብ የተወለደ ነው። በ1985 በዌምብሌይ ለረሃባችን ገንዘብ የተሰበሰበበትን ያንን ትልቅ ኮንሰርት ሲያዘጋጅ እኔ ልጅ ነበርኩ። እስካሁን ሰው ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲያውቅ የሚያነሳልኝ እሱን ነው። እርዳታው ሰው አድኗል፣ አልክድም። ግን አጥንቱ የወጣ ልጅ ፎቶ መታወቂያችን ሆኖ ቀረ። እነሱስ በረሃባቸው ፌስቲቫል መሥራታቸው አይከብድም? እኔ በ77 ላይ ጂግ የሚመታብኝ ሰው ብመለከት አልወድም።

ቶክስቴዝ_ጋሼ
ብርሃኔ፣ ጥያቄህ ከባድ ነው። እኔ ያየሁትን ልንገርህ። መታሰቢያው ጋ ሲሆኑ ጂግ የለም። ንግግር ያደርጋሉ፣ ጸሎት አለ፣ ዝም ይላሉ። ጭፈራው ማታ፣ ሌላ ቦታ ነው። ሁለቱን አያደባልቁም። እኛ ተዝካር በልተን ማታ ስንጫወት አናድርም እንዴ?

ፎቶውን በተመለከተ ልዩነት አለ። ያኔ ካሜራ ገና ብርቅ ስለነበረ የእነሱ ረሃብ የሚታወቅ ፎቶ የለውም፤ በጋዜጣ ሥዕል ነው የቀረው። ደግሞ አሁን ታሪኩን የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው። የእኛን የነገሩን ሌሎች ናቸው። አንተን የሚያምህ እሱ ይመስለኛል።

ብርሃኔ_77
ጋሼ ይሄ ልቤ ውስጥ ገባ። እውነት ነው።

ያሬድ_ኮሚቴ
እኔ እዚህ ከተማ የአበሻ ማኅበር ኮሚቴ ውስጥ አለሁ። ለኮሚቴ ሥራ ስል ነው የጠየቅኩት፦ ገንዘቡን ከየት ነው የሚያመጡት? እኛ አንድ አዲስ ዓመት ለማክበር አዳራሽ ኪራይ ስንለምን ነው የምንከርመው። ባለፈው ያከራየን አዳራሽ ባለቤት በመጨረሻው ሳምንት ሰርዞብን ሦስት መቶ እንጀራ ይዘን ሜዳ ቀረን።

የመርሲ_ዳር
ያሬድ፣ የእነሱ መንግሥት ውጭ ላሉ ዜጎቹና የልጅ ልጆቻቸው የሚሰጠው ድጋፍ አለው። በ2004 ነው የጀመሩት። በዚያ ገንዘብ አንድ ማኅበር ብቸኛ ሽማግሌዎችን ምሳ ያበላል፣ ሌላው ሙዚቃ ያስተምራል። ፌስቲቫሉም ከዚያ ያገኛል። ትኬት ይሸጣል፣ የከተማውና የጥበብ ተቋማት እርዳታ አለ። ሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ1988 ጀምሮ የአይሪሽ ጥናት ተቋም አለው፤ ተናጋሪ ቢፈልጉ ከዚያ ይጠራሉ።

ግን እኔ የሚገርመኝ ገንዘቡ አይደለም። አዳራሽ አለመከራየታቸው ነው። ሙዚየም አላቸው? የለም። የከተማውን ሙዚየም ይጠቀማሉ። ኮንሰርት ሲፈልጉ ፊልሃርሞኒክን በሽርክና ያመጡታል። አዳራሹ ያለው ሰው ዝግጅት ይፈልጋል፤ እነሱ ዝግጅቱ አላቸው። እናንተም ከሙዚየሙ ጋ አንድ የቡና ሥርዓት ብላችሁ ብትጀምሩ የሚከለክላችሁ የለም።

ያሬድ_ኮሚቴ
ይሄን ለስብሰባ ይዤዋለሁ። ሊቀመንበራችን ግን «ለምን የፈረንጅ ቤት?» ይላል፤ ከአሁኑ ይሰማኛል።

ዲግቤዝ_ልጅ
ሊቨርፑል ውስጥ የብርቱካን ሰልፍ የሚባለውስ? ስለሱ ማንም አልተናገረም። ሁሉም አይሪሽ ካቶሊክ አይደለም።

ቶክስቴዝ_ጋሼ
ጥሩ አነሳህ። ፕሮቴስታንቶቹ በየጁላይ 12 ይሰለፋሉ፤ ብዙዎቹ ሥረ መሠረታቸው ሰሜን አየርላንድ ነው። ብርቱካንማ መቀነት፣ ከበሮ፣ ከዚያ ሳውዝፖርት ባሕር ዳር ይወርዳሉ። በ1909 በካቶሊክና በፕሮቴስታንት መሃል ሰፈር ለሰፈር ተጋጭተው ነበር። አሁን ያ ጠብ ሞቷል ማለት ይቻላል። ሆፕ ስትሪት ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለቱ ካቴድራሎች ቆመዋል። የካቶሊኩ በ1967 ነው የተባረከው፤ ክብ ሆኖ ድንኳን ይመስላል። ያለበት ቦታ ድሮ ድሆችን ሥራ እያሠሩ የሚያኖሩበት ትልቅ ግቢ ነበር። በረሃቡ ጊዜ አይሪሾቹ የተጎተቱት እዚያ ነው። ቦታውን በ1930 ሲገዙ የዚያ ዘመን ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው ሳንቲም ያዋጡት።

ቀይ_ማልያ
ጋሼ፣ መርከቡ የሚወርድበት ቦታ አሁን የት ነው? ኳስ ብቻ አይደለም የምጠይቀው እንግዲህ።

ቶክስቴዝ_ጋሼ
ክላረንስ ዶክ ይባላል። ገንዳው ተደፍኗል፣ በሩ ግን ሬጀንት ሮድ ላይ ቆሟል። ግንቡ ላይ ጽሑፍ አለ። ከ1845 እስከ 1852 ረሃቡን ሸሽተው ወደ ሊቨርፑል የተሻገሩት 1,300,000 ስደተኞች አብዛኞቹ በዚህ በር እንዳለፉ ይናገራል። ሰው ከከብት ጋር ነበር የሚጫነው። በ1848 ዲሴምበር ለንደንደሪ የምትባል መርከብ ከአየርላንዷ ስላይጎ ወደዚህ ስትመጣ ማዕበል ተነሳ። መንገደኞቹን ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብተው ዘጉባቸው። 72 ሰው ታፍኖ ሞተ።

ከመሃል ከተማ ወደ አዲሱ የኤቨርተን ስታዲየም በእግር ስትሄድ መንገድህ ላይ ነው።

ቀይ_ማልያ
ወደ ኤቨርተን? ጋሼ፣ እኔ በዚያ መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማልፈው። እሺ፣ በሩ ጋ እገልጣለሁ።

ሶስና_ሊድስ
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ቅዳሜ ከባቡር ወርደን መጀመሪያ ኪቲን፣ ከዚያ ቅዱስ ሉቃስን፣ ከሰዓት ሙዚየሙን እናያለን። ማታ ለኬይሊው ቲኬት ልቁረጥ አልቁረጥ እያልኩ ነው። እናቴ «እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ» ብላለች። ጉልበቷን ያማታል። መቀመጫ አለ?

የመርሲ_ዳር
ወንበር አለ፣ ሻይም አለ። በር አጠገብ አትቀመጡ፣ ብርድ ይገባል፤ ግድግዳውን ተደግፋችሁ ያዙ። አንድ ነገር ግን ለእማማ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ዘገም ያለ ዋልዝ ሲመታ አንዷ አሮጊት መጥታ እጃቸውን ይዛ ልታስነሳቸው ትችላለች። ሳታስፈቅድ ነው የምትጎትተው። «ጉልበቴን ያመኛል» ቢሏትም «እኔንም» ነው የምትላቸው።